በዘይት ዋጋ የተማርኩት ቱርክኛ

ቱርክኛ ለመማር የወሰንኩት በአስተርጓሚ ምክንያት ነው። መርካቶ ዕቃ የማነሳበት ጅምላ ሻጭ ኢስታንቡል እየተመላለሰ መጋረጃና የልጆች ልብስ ያመጣል። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን እዚያ ያለው አስተርጓሚ ከገዢም ከሻጭም ኮሚሽን እንደሚቀበል አጫወተኝ። እኔ ደግሞ መጋረጃው መቱ ያለው ሱቄ እስኪደርስ የስንት ሰው ምሳ እንደምከፍል አሰብኩ። ራሴ ሄጄ በራሴ አፍ ብገዛ ቢያንስ የአንዱ ምሳ ይቀርልኛል። በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል እሸጣለሁ፤ ሦስተኛ ቢጨመር መደርደሪያው አይጠብም አልኩ።

ያኔ እኔ የማውቀው ቱርክኛ ተናጋሪ መቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ቡና ያላቸው የአንዲት እናት ልጅ ናት፤ ኢስታንቡል ልብስ ስፌት ቤት ሠርታ የተመለሰች። ከቤተሰቡ ጋር ትውውቃችን የቆየ ነው፤ የሄደችበትን ብር ያበደርኩት እኔ ነኝ።

እናትየው ለልጃቸው ጉዞ ሃያ ሺህ ብር ሲጎድላቸው እኔ ጋ መጡ። ብሩን ሰጥቼ የቡና ማሳቸውን በወለድ አገድ ያዝኩ። ወለድ አገድ ላይ ብሩ አይወልድም፤ የሚወልደው ማሳው ነው፤ የወለደውን አበዳሪው ይለቅማል። ሃያ ሺዋ ያችው ሃያ ሺህ ሆና ስትመለስ ማሳው በዚያው ቀን ይለቀቃል። ለቀማ ከተጀመረ በኋላ ብር ይዞ የመጣ ግን የዚያን ዓመት ፍሬ አያገኝም። እናትየው ልጄ በስድስት ወር ትልካለች ብለው ነበር። ልጅቷ ሦስት ዓመት ቆይታ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። እኔ እስከዚያ ሦስት ጊዜ ለቅሜያለሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሱቄ ገባች።

«ጋሼ፣ የእናቴን ቡና ለማስለቀቅ ስንት ነው የምንከፍልዎት?»

«ሃያ ሺህ።»

«በሦስት ዓመት ምንም አልጨመረም?»

«ወለድ አገድ አይጨምርም።»

«ጥሩ» አለችና ዣንጥላዋን አራገፈች።

ብሩ እንዳልነበራት አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ቱርክኛ እፈልግ ነበር። በትምህርት እንድትከፍለኝ ሐሳብ አቀረብኩ። ለሰዓቱ ስንት እንደምከፍል ስትጠይቀኝ መልሼ ስንት ትፈልጊያለሽ አልኳት፤ በንግድ መጀመሪያ ዋጋ የሚጠራው ሰው ሁልጊዜ ይጎዳል። መደርደሪያውን ዞር ዞር ብላ አየችና «አንድ ቀን ትምህርት የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ» አለች።

ይህን ስትል ደስታዬን ለመደበቅ ሚዛኑን መወልወል ጀመርኩ። በዚያ ሰሞን መንግሥት በቀበሌ በኩል ርካሽ ዘይት ሊያከፋፍል ነው ይባል ነበር። ዘይቱ ከመጣ የሱቅ ዋጋ ይወርዳል፣ ትምህርቱም አብሮ ይረክሳል። እያቅማማሁ እሺ አልኩ።

ወደ ሰፈራችን የእድር ዳኛ ሄድን። በሳምንት ሦስት ቀን እንድንማማር፣ የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ከሃያ ሺው እንዲቀነስ ተስማማን።

«ዘይት ስትሉ በየትኛው ዋጋ?» አሉ ዳኛው።

«እኔ ሱቅ በሚሸጥበት» አልኩ። ዋጋው በእጄ እንዲሆን ነው። «ደግሞ የቀረ ሰው ይቆጠርበት። ትምህርት ሰጪም ቢሆን ተማሪም።»

«ሁሉንም አንተ ጨረስከው። አንቺ የምትጨምሪው የለሽም?»

«የለኝም» አለች።

ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን ጀመርን። መጽሐፍ አልነበራትም። ቱርክኛን ያስተማረቻት የቤት አከራይዋ ስለሆነች ምሳሌዎቿ ሁሉ ከዚያ ነበሩ። መጀመሪያ ያወቅኩት ቃል ኪራ ነው። ኪራ ማለት ኪራይ ነው። ይህን አንድ ሊትር ዘይት ከፍዬ ተማርኩ።

ሰዋስውን እንደ ነጋዴ ነው የያዝኩት። ቱርክኛ ቃልን አይቀይርም፤ ከኋላው እየቀጠለ ያስረዝመዋል። ኤቭ ቤት ነው፣ ኤቭለር ቤቶች። አራባ መኪና ነው፣ አራባላር መኪኖች። አንዱ ለር ሌላው ላር የሚሆነው ቅጥያው ከፊቱ ያለውን አናባቢ አይቶ ስለሚከተል ነው። ግሡ እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አማርኛም ኦሮምኛም ለሚናገር ሰው እዚህ ላይ የሚያስቸግር ነገር የለም። የወደፊት ጊዜን የተማርኩት «ነ ዛማን ኦደየጀክሲን» በሚል ነው፤ መቼ ነው የምትከፍለው ማለት ነው። በሦስት ወር ውስጥ አንድን ሰው በቱርክኛ ከቤት ማስወጣት እችል ነበር። እንደምን አደርክ ማለት ላይ ግን ገና አልደረስንም።

ገንዘብ አለኝ ለማለት «ፓራም ቫር» ይላሉ፣ ገንዘቤ አለ እንደማለት። እዳ አለብኝ ለማለትም «ቦርጁም ቫር»፣ እዳዬ አለ። እኛ አለኝ እና አለብኝ ብለን የምንለየውን እነሱ አንድ ላይ ያስቀምጡታል።

«እዳ እንደ ንብረት ነው እንዴ የሚቆጠረው?» አልኳት።

«እዚያ ያለኝ ንብረት እሱ ብቻ ነበር» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ለምን አንድ ሻንጣ ይዛ እንደመጣች በየትምህርቱ መሃል ጥቂት ጥቂት ነገረችኝ። ደሞዟን ስትቀበል ግማሹ ለኪራይ ይሄዳል፤ ለአንድ ክፍል፣ ያውም ከሁለት ሴቶች ጋር። ከቀረው የመብራት፣ የውኃ፣ የጋዝና የአውቶቡስ ካርድ ይወጣል። የወሰዳት ደላላ ወረቀት አሠራልሻለሁ ብሎ ያስገባትን እዳ እዚያው ስትከፍል ኖረች። ዋጋ ሲጨምር ዛም ይባላል፤ ዛም መጣ ይላሉ፣ እንግዳ የመጣ ይመስል። ደሞዟ ላይ ግን ዛም መጥቶ አያውቅም።

«ታዲያ እኔ የሰጠሁሽ ሃያ ሺህ?»

«እሱ እዚያ የአንድ ወር ተኩል ኪራይ ነው ጋሼ።»

አራት ዓመት የምለቅመው ቡና አንድ ወር ተኩል መሆኑን ስሰማ እንደ አበዳሪ ትንሽ ቅር አለኝ።

የቀበሌው ዘይት ግን አልመጣም። በጥር ዘይት ጨመረ። በሚያዝያ ደግሞ ጨመረ። እኔም እንደ ማንኛውም ነጋዴ ዋጋዬን ከፍ አደረግሁ፤ ዋጋዬን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር መምህሬ ደሞዝ ይጨመርላታል። በሰባ ብር የጀመርነው ትምህርት መቶ ሃያ ገባ፣ ከዚያ ሁለት መቶ። ሃያ ሺዋ ግን እንደ ተፈራረምንባት ቁጭ ብላለች። እዳውን በብር፣ ደሞዙን በዘይት ያሰርኩት ራሴ ነኝ፣ በምስክር ፊት።

ባለቤቴ አንድ ቀን ጆንያው ላይ አይታኝ «ዛሬስ ምን ተማርክ?» አለችኝ።

«ያለፈ ጊዜ።»

«ስንት?»

«ሁለት መቶ ብር።»

«ያለፈ ጊዜ ድሮም ውድ ነው» ብላ ሽንኩርቷን ይዛ ገባች።

ያለፈ ጊዜ እነሱ ዘንድ ሁለት ዓይነት ነው። በዓይንህ ያየኸው መጣ «ገልዲ» ነው። ሰው የነገረህ መጣ «ገልሚሽ» ነው። እኛ አሉ ብለን የምናልፈውን እነሱ ግሡ ውስጥ ያስገቡታል። መስከረም ላይ የቀበሌው ዘይት መጣ ተባለና ደስ ብሎኝ በቱርክኛ ነገርኳት።

«ገልዲ» አልኩ።

«አይተውታል?»

«ቀበሌ ያለ ሰው ነገረኝ።»

«እንግዲያውስ ገልሚሽ ነው።»

ልክ ነበረች። አልመጣም።

በዚያን ጊዜ የቀረው እዳ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር ነበር። በሁለት መቶው ዋጋ ሲሰላ ከአንድ ወር በላይ ትምህርት ይቀራል። ቡናው ግን መቅላት ጀምሯል፤ ለቀማው ከሦስት ሳምንት አያልፍም። እንደዚያው ቢሄድ የዚያን ዓመት ፍሬ እኔ እለቅማለሁ፣ እነሱ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ። እሷም ይህን ታውቃለች፤ በየቀኑ ልምጣ ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም ውሉ ሦስት ቀን ነው አልኳት። እናትየው በሱቄ በር ሲያልፉ ሰላምታቸው አጠረ።

በዚህ መሃል መርካቶ ያለው ጅምላ ሻጭ ደወለና የሚቀጥለው ጭነት ዘይት ክፉኛ እንደሚጨምር ነገረኝ። እሱ ክፉኛ ሲል እጥፍ ማለቱ ነው። እጥፍ ከሆነ ትምህርቱም እጥፍ ይሆንና ልጅቷ ለቀማው ሳይጀመር ትጨርሳለች። መጋዘኔ ውስጥ በድሮ ዋጋ የገባ ዘይት ነበረኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩና ጠዋት ዋጋውን አወረድኩት። ሺህ ብር የነበረውን ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን በስድስት መቶ። ለሁለት ሳምንት ብቻ። ከዘይቱ የማጣው ከቡናው ከማገኘው ጋር ሲተያይ ብዙም አይደለም።

በመቱ ነጋዴ ዋጋ ሲያወርድ ሰው መጀመሪያ አያምንም። እስከ ረፋድ የተጠጋ አልነበረም። አንዲት ሴት ጀሪካኑን አሽትታ «የተበላሸ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኩ። ከሰዓት ሰልፉ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ደረሰ። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ብቻ ብዬ ወሰንኩ። ሰልፉ ውስጥ መምህሬና እናትየው ነበሩ።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዘይት ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው ሁለቱም ሁለት ሁለት ሲያነሱ።

«ማል ጎና» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ምን እናድርግ ብለው። «ረክሶ እያየን?»

በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛውም። የትምህርት ቀን ስለነበር ልጅቷ ጀሪካኗን ከጆንያው አጠገብ አስቀምጣ ስለ ሁኔታ አንቀጽ አስተማረችኝ፤ ቢሆን፣ ብትከፍል፣ ባይዘንብ። የትምህርቱ ዋጋ በወረደው ተመን መሆኑን ሳስታውሳት «አውቃለሁ» ብላ ቀጠለች። ሁለት ሳምንት ያስኬደኛል ያልኩት ዘይት በአራተኛው ቀን አለቀ።

በአምስተኛው ቀን የእድር ዳኛው አስጠሩኝ። ስገባ እናትና ልጅ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ከመቀነት ጫፍ የተፈታ ብር አለ።

«የቀረህ ስንት ነው?» አሉ ዳኛው።

ነገርኳቸው።

«ቁጠረው።»

ቆጠርኩት። ሙሉ ነው። ብሮቹ ይንሸራተቱ ነበር፤ አንዳንዶቹን ዘይት ነክቷቸዋል።

«እትዬ፣ ከየት አመጡት?»

«ጎሬ ዘይት ሺህ ብር ነው» አሉ እናትየው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ጠዋት ከእርስዎ እንገዛለን፣ በሚኒባስ እንወስዳለን፣ ሸጠን ስንመለስ ሌላ እንገዛለን። የጎሬ ሰው አይጨቃጨቅም፣ እግዜር ይስጠው።»

«መነሻውን?»

«በጓን ሸጥናት።»

ዳኛው ወደኔ ዞሩ። «የምትለው አለ?» ውሉ በትምህርት ይከፈል ይላል፣ በጥሬ ብር አይልም ብዬ ለመከራከር አሰብኩ። ግን ጥሬ ብር አልቀበልም ያለ ነጋዴ ተብሎ መቱ ውስጥ ሱቅ መክፈት አይቻልም። ተቀብያለሁ አልኩ። ዳኛው የውሉን ወረቀት ቀደዱትና ሁለታችንን አጨባበጡን።

ከወጣን በኋላ ልጅቷን በሩ ላይ አገኘኋት። «ትምህርቱስ?» አልኳት። «የሁኔታ አንቀጽ ገና ግማሽ ነው።»

«አሁን ለቀማ ነው ጋሼ። ጊዜ የለኝም።»

ኢስታንቡል አልሄድኩም፤ ዶላሩ ከዘይቱም ብሶ ወጣ። አንድ ጊዜ ሶር ፏፏቴን ሊያዩ የመጡ ቱርኮች ውኃ ሊገዙ ገብተው ነበር። በቱርክኛዬ መቼ ነው የምትከፍሉት አልኳቸው። ወዲያው ከፈሉ።

እዳው በተከፈለ በሳምንቱ ሰኞ ለቀማው ተጀመረ። ማለዳ እናትና ልጅ ቅርጫት ተሸክመው ወደ ማሳው ሲሄዱ ሱቄ ጎራ አሉና ሁለት ባዶ ጆንያና አንድ ኪሎ ስኳር ጠየቁ። ልጅቷ ጆንያውን ዘርግታ ቀዳዳ ይኖረው እንደሆነ ወደ ብርሃን ይዛ አየችው። ለቀማ ጊዜ የመቱ ሰው ሁሉ ቡናው እስኪሸጥ በዱቤ ነው የሚወስደው፤ እኔም እንደ ልማዴ እስክሪብቶ አነሳሁ።

«ልያዝላችሁ?»

«አይያዙብን» አለች። ከጡቷ ሥር የታጠፈ ብር አውጥታ ቆጥራ ሰጠችኝ፤ መልሷንም ቆጥራ ተቀበለች።