ክር የሚያዳቅሉ ሽማግሌ

ከቴኒስ ሜዳው ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሽማግሌ አያለሁ። የኮታቸው ቁልፍ የተሰፋው በራኬት ክር ነው። ራኬታቸውን ራሳቸው ይወጥራሉ፤ በቁመቱ የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ በአግድሙ የጊታር ክር። ትናንት የጫማ ማሰሪያ ሞክረው ኳሷ እግራቸው ሥር ዱብ ስትል ከት ብለው ሳቁ።

ዛሬ ግን ኳሷ ከራኬቱ ላይ እንደ ጥይት ተፈናጠረች። እኔ እንኳ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ሽማግሌው ራኬቱን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ክሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው መቀስ አውጥተው ክሩን ብጥስጥሱን አወጡት።

«ኧረ አባባ፣ ምነው? አገኙት እኮ!» አልኳቸው።

«አዎ፣ አገኘሁት» አሉኝ ቁርጥራጩን እየለቀሙ። «ታዲያ ነገ ምን ብዬ ከቤቴ ልውጣ?»