ከክሩ ላይ የቆረጥኩት ቡራኬ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። ዓመት ቢሞላውም ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ ለመድኩት። በሥራዬ ላይ እንከን አልወድም። የደብራችን ሰባኪ መምህር ካረፉ በኋላ የመጨረሻ ስብከታቸው የተቀዳበት የቴፕ ክር አንድ አስተማሪ ቤት ተገኘና እንዳድሰው ሰጡኝ። ከዚያ በቀር ድምፃቸው የትም የለም።

የክሩ መጨረሻ ተጨማዶ ነበር። መምህር «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ብለው፣ ለጃንሆይም ዕድሜ ከለመኑ በኋላ ሳል፣ የእግር ኮቴና የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ስብከቱ አለቀ ብዬ ቀሪውን ሳላዳምጥ በመቀስ ቆረጥኩትና ደጅ ጣልኩት።

በዕለቱ ሰንበቴ ቤቱ ሞልቷል። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ሲወጣ ሴቶቹ አለቀሱ፤ እኔም ኮራሁ። ክሩ አልቆ መንኮራኩሩ ባዶውን ሲሽከረከር ግን ማንም አልተነሣም።

«አለቀ» አልኩ።

«ምኑ ነው ያለቀው? ገና መች አሰናበቱን!» አሉ አንድ ጡረተኛ ወታደር። «መምህር ሳይባርኩ ሰው ሰደው ያውቃሉ? በል አስቀጥለው!»

ሰዉ ሳቀ። የመምህር ባለቤት እማማ የሺ ግን አልሳቁም። ስብከቱ በተቀዳበት ቀን እሳቸው ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። መምህር በቡራኬው ላይ የክርስትና ስማቸውን ጠርተው «ማርልኝ» እንዳሉላቸው ሰው ነግሯቸዋል። ሳይገናኙ መምህር በዚያው ሳምንት በድንገት ዐረፉ።

«ቡራኬው ቀጥሎ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እሷን ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ቤት ቀርቷል፤ አመጣዋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

የጣልኩትን ክር ባጣው፣ ከደጄ ተቀምጣ ጫት የምትሸጠውን ጎረቤቴን ፋጡማን ጠየቅኋት።

«ያ ቡናማው ጥብጣብ? ወላሂ ጠንካራ ነው! ከሶፊ ገጠር የመጣልኝን ጫት አሰርኩበት። ተሽጦ አለቀ።»

«ሁሉንም?»

«ምነው፣ ወርቅ ነበር እንዴ? ወርቅ ደጅ ይጣላል?»

ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወች። ዘንቢሏን ገልብጣ ስንዝር የምታህል ቁራጭ አገኘችልኝ። ቋጠሮዋን ፈትቼ ቴፑ ላይ አዳመጥኳት። አንዲት ሳል ብቻ ነበረባት።

ለእማማ የሺ «ጠፋብኝ» አልኳቸው። ጫት እንደታሰረበት መናገር አልቻልኩም።

«አይዞህ፣ ይገኝ ይሆናል» አሉኝ።

አሁን ስብከቱ በየበዓሉ ይሰማል። ሰዉ «ድምፃቸውን ያቆየህልን አንተ ነህ» እያለ ይመርቀኛል። ክሩ ሲያልቅ ሁሉም ተነሥቶ ይሄዳል። እማማ የሺ ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ትንሽ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ የማስተካክለው ነገር ያለ ይመስል ቴፑ ላይ አቀረቅራለሁ።