ቀን የሳተች ሳጥን

ወረታ ውስጥ ሰውመሆንን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ቴሌቪዥን የለውም ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ተርታ፣ አስፋልቱ ዳር ባለች ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ፣ ሆድ ዕቃቸው በተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች መካከል ተቀርቅሮ ይውላል። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን አይጣል ነው። ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው ሳይሰድብ አይቀበልም። ይኼን ማን ነካካው፣ በቢላዋ ነው እንዴ የፈታችሁት፣ እኔ ዘንድ ከምታመጡት ጠበል ብትወስዱት ይሻል ነበር እያለ ያወርደዋል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። ሰውም ስድቡን ለምዶት ይመጣል።

ተወልዶ ያደገው ቁሐር ሚካኤል ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ደጃፍ ድረስ ከሚገባበት አገር። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአብሮ አደጉ ከአንለይ ጋር በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው ወረታ ገቡ። ሰውመሆን ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሥር ተቀምጦ ሙያ ለመደ። አንለይ ግን እግሩ አላረፈለትም፤ ሐሙሲት ነገደ፣ ባሕር ዳር ነገደ፣ በመጨረሻ እንደ ዘመኑ ጎረምሳ ድንበር እየቆረጠ ደቡብ አፍሪካ ገባና ሱቅ ከፈተ። ሲቀናው ባላቸው የሞቱባቸውን እናቱን፣ እትዬ ጸሐይነሽን፣ ከቁሐር አውጥቶ ወረታ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠራላቸው። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? እትዬ ጸሐይነሽም እንቅልፍ አልነበራቸውም።

ያቺ ሳጥን የመጣችው ለዚህ ነው። አንለይ እዚያ አገር ያሉ ስደተኞች ባቋቋሙት አጥቢያ ከበሮ ይመታል። አጥቢያው የሰንበቱንና የበዓሉን አገልግሎት በኢንተርኔት ያስተላልፋል። ልጁ ታዲያ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ኮምፒውተር በመንገደኛ ላከና፣ ሰውመሆን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ የኢንተርኔት ሲም ሰካላት። በመጀመሪያው እሑድ እትዬ ጸሐይነሽ ልጃቸውን በነጭ ልብስ፣ ከበሮውን አንግቶ አዩት። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ተነሥተው የቴሌቪዥኑን መስተዋት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ከስቷል አሉ፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ የሰውመሆን መከራ ጀመረ። መቼ ነው ይቺ ሳጥን አንድ እሑድ በሰላም የዋለችው! አንዴ ምስሉ ይቆምና መሐሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች። እትዬ ጸሐይነሽ እንዝርት ብለው ስም አወጡላት። እንዝርቷ መጣች ብለው ሲልኩበት፣ ሰውመሆን መጥቶ የምስሉን ጥራት ዝቅ ያደርገዋል፤ መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ጥሩውን ምስል መሸከም አይችልም። የአንለይ ፊት ይደበዝዛል፣ ግን አይቆምም። እሳቸውም ደብዝዞ የሚንቀሳቀስ ልጅ ይሻለኛል ይላሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መፈልፈያዎቹ ሲነሡ መብራቱ ይደክምና ሳጥኗ በራሷ እየጠፋች ትነሣለች። የስልክ ቻርጀር ነበር የተሰካላት፤ ጠንከር ያለ ቀየረላትና ዳነች።

ሦስተኛው ሕመሟ ግን የተለየ ነበር። ሳጥኗ በውስጧ ሰዓት የላትም። መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ያለፈ ቀን ላይ ቆማ ትነቃለች፤ የአምናውን ቀን ዛሬ ነው ብላ ታምናለች። ኢንተርኔቱ ደግሞ ቀኗ የተዛባን ኮምፒውተር አያምንም፣ በር ይዘጋባታል፤ ምስል የሚባል ነገር አይመጣም። ክረምት ላይ መብራቱ ሲመላለስ ሰውመሆን ጭቃውን እያቦካ መምጣት ታከተውና፣ አንድ ቀን እትዬ ጸሐይነሽን አስቀምጦ አስተማራቸው። ምስል እንቢ ሲል አስቀድመው ቀኑን ይዩ፤ ይቺን የሰዓት ሥዕል ይጫኑ፤ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ከሥር በትንሹ የተጻፈውን የፈረንጅ ቁጥር እያዩ እስኪመሳሰል ድረስ ወደ ላይ ይግፉት። እሳቸውም እሺ ልጄ አሉ። በሳምንቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ መልሰው ጠሩት። ደግሞም ጠሩት። ሰውመሆን አሮጊት ቁጥር አይገባቸውም ብሎ ተወው። ጅል! እድሜ ልካቸውን ሩዝና ከብት ሲሸጡ ሲለውጡ የኖሩ ሴት ናቸው።

የፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን ስልኩ ጮኸ። ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከዚያ አጥቢያ ልጆች አንዱ። ሰውመሆን ብየዳ ላይ ስለነበር ስልኩን በትከሻው ይዞ አነሣው። አንለይን ሱቁ ውስጥ ዘራፊዎች በጥይት ገድለውታል። ወረቀቱ ስላልተሟላ አስከሬኑን መላክ አልተቻለም፤ እዚያው ቀብረውታል። ልጁ ይኼን ሁሉ ተናግሮ አይዞህ ብሎ ዘጋ። ሰውመሆን የያዘው መበየጃ ጠረጴዛውን አቃጥሎ ጭስ እስኪያወጣ ድረስ አላስተዋለም።

ሄዶ ለዕድር ዳኛው ለአቶ መንግሥቴ ነገረ። መቼም መርዶ በአገራችን ዝም ብሎ አይነገርም። ሰው ሞት ብቻውን አይሰማም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ከቦ፣ ገና ሳይነጋ ደጅ ተሞልቶ፣ የሚይዝ እጅ ባለበት ነው የሚረዳ። የእትዬ ጸሐይነሽ ብቸኛ ወንድም አቶ ገብረማርያም ቁሐር ሚካኤል ናቸው፤ ሜዳው በውኃ ተይዟል። እትዬ ጸሐይነሽ ደግሞ ሱባኤ ገብተዋል፤ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምሱም። የዕድሩ ሽማግሌዎች መከሩ። ወንድምየው ይጠበቅ፣ ጾሙ ይፈታ፣ በባዶ ሆድ መርዶ ሰው ይገድላል አሉ። የፍስኩ ማግስት ሊነጋጋ ሲል እንዲረዱ ተቆረጠ። እትዬ ጸሐይነሽ የአንለይ ስልክ ለምን ተዘጋ ሲሉ፣ ዕቃ ሊያመጣ ኔትወርክ የሌለበት አገር ሄዷል ተብሎ እንዲነገራቸው ተስማሙ።

የቀረችው ሳጥኗ ነበረች። አጥቢያው እሑድ እሑድ የአንለይን ፎቶ ጥቁር ጨርቅ አልብሶ ፊት ለፊት ማቆሙን ሰውመሆን በገዛ ስልኩ አይቷል። አቶ መንግሥቴ ነገሩን አላጓተቱትም።

«ሳጥኗን ውሰዳት። ተበላሽታለች በላቸው።»

ሰውመሆን ሳጥኗ ከቤት ከወጣች እትዬ ይጠረጥራሉ አለ። እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ እሱ ብቻ አልነበረም። ሽቦ መቁረጥ አልቻለም። ሃያ ዓመት ዕቃ ሲያድን የኖረ እጅ፣ ያውም የአንለይን ዕቃ፣ እንዴት ይግደል? ስለዚህ ለስላሳዋን ክፋት መረጠ። እትዬ ጸሐይነሽ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ቁልፉን ከጎረቤት ተቀብሎ ገባና፣ ሳጥኗ ቀኑን በራሷ እንዳታርም አድርጎ ወደ ኋላ መለሰው። ያለፈውን ዓመት ፍልሰታ መረጠላት። ያኔ አንለይ በሕይወት ነበር። ለምን ያንን ቀን እንደመረጠ ቢጠይቁት እሱም አያውቀውም።

እሑድ ሲደርስ ሳይጠሩት ቀድሞ ሄደ። እንዲያውም መሄዱ ባሰ። እትዬ ጸሐይነሽ ፊት ቁጭ ብሎ፣ የሚያውቀውን በሽታ እንደማያውቅ ሆኖ ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፣ ሳጥኗን ፈትቶ ገጠመ። በስተመጨረሻ ሳጥኗ ተበላሽታለች ብሎ አሳበበ። እሳቸው የሹሮ ፍትፍት አቀረቡለትና ከጎኑ ተቀመጡ። ዘንድሮ ምላስህ የት ሄደ፣ ሳጥኗንም እኔንም ሳትሰድብ ዋልክ እኮ አሉት። ሕልም አይቻለሁም አሉ፤ አንለይ በልጅነቱ እንደሚያደርገው ርብ ወንዝ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ሲላቸው አድሯል። አይ ጭንቅ! ሕልም በክረምት ይበዛል አላቸውና ሸሽቶ ወጣ። መንገድ ላይ ራሱን ሲሰድብ የሰሙት አሉ።

ጾሙ ተፈታ። የፍስኩ ዕለት ከተማው በዶሮ ወጥ ሽታ ታጠነ። አቶ ገብረማርያምም ውኃውን በታንኳ ተሻግረው፣ የቀረውን በእግራቸው ጭቃውን ጠልቀው አቶ መንግሥቴ ቤት ደረሱና ተደበቁ። ሰውመሆን ያን ቀን እትዬ ጸሐይነሽ ይልኩብኛል ብሎ ሲሳቀቅ ዋለ። አልላኩበትም። እፎይ አለ። እፎይ ማለቱን እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ሰው ተሰበሰበ። አቶ ገብረማርያም ከፊት፣ አቶ መንግሥቴና የእትዬ ጸሐይነሽ የነፍስ አባት ከጎን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። ሰውመሆን ወደ መጨረሻው ተጠጋ። ግቢው በር ሊያንኳኩ ሲሉ ክፍት ሆኖ አገኙት። የቤቱም በር ክፍት ነው። እትዬ ጸሐይነሽ መደቡ ላይ ለብሰው፣ ነጠላቸውን እንደ ወትሮው አጣፍተው ተቀምጠዋል። ለፍስክ የሠሩት ወጥ ክዳኑ ሳይነሣ ሌማቱ አጠገብ አለ። ቴሌቪዥኑ በርቷል። የአንለይ ፎቶ በጥቁር ጨርቅ ተከቦ ከበሮው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ምስሉ ተይዞ መሐሉ ላይ እንዝርቷ ትሽከረከራለች። ከጥግ የተጻፈው ቀን ትክክለኛው ቀን ነው።

አቶ ገብረማርያም ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኅታቸው በእጃቸው አስቆሟቸው። ከሰዉ መሐል ሰውመሆንን ፈልገው አገኙት።

«ትናንት ሰው ፍስክ ላይ ነው፣ ከገበታው አላስነሣውም ብዬ አልላክሁብህም» አሉት። «ቀኗን ራሴ ገፋሁት። ድሮም እችል ነበር። አንተን የምጠራህ ከአንለይ ጋር አብረህ ያደግህ ስለሆንህ ነው፤ ቤቴ ስትገባ ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ሰውመሆን መሬት መሬት ያያል።

«ይኼን አሳየችኝ» አሉ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆሙ። «አላመንኋትም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሞት ሳጥን ለኔ ብቻዬን አትነግረኝም አልሁ። ተበላሽታለች ብለኸኝ የለ? ከትናንት ጀምሮ በር ከፍቼ ተቀምጬ፣ ሊነጋ ሲል ማንም ካልመጣ ልጄ አለ፣ ሳጥኗ ናት የዋሸችው ብዬ ጠበቅሁ።»

ደጁን የሞላውን ሰው፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ በክረምት ውኃ ተሻግሮ የመጣውን ወንድማቸውን አንድ በአንድ አዩ። ያም ሆኖ እናት ናቸው፤ ተስፋ አልቆረጡም። እንደ ወትሮው፣ ገመድ ተነቅሎ ተሰክቶ እንደሚጠይቁት አድርገው ጠየቁት።

«ሰውመሆን ልጄ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ። ሳጥኗ ምን ሆናለች?»

ሽማግሌዎቹ የነፍስ አባቱን አዩ። የነፍስ አባቱ ሰውመሆንን አዩ። የተጠየቀው እሱ ነው፤ ሌላ ማንም ሊመልስለት አይችልም። ያ ለሁሉም የስድብ መልስ የማያጣ ሰው በሰዉ መሐል አልፎ ፊታቸው ቆመ።

«ሳጥኗ ምንም አልሆነችም፣ እትዬ» አለ። «ደህና ናት።»

ያኔ እትዬ ጸሐይነሽ ከመደቡ ወርደው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።