ከሁለቱ አንዱ

ቅናት በዕድሜ ይበርዳል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ እንጃ! ጥርሴ አልቆ እንኳ በዚያች ሴት እቀናለሁ።

የባሌ ታናሽ ወንድም ሚስት ናት። በጠላት ጊዜ፣ ጣልያን ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ላይ ምሽግ ሠርቶ ሲቀመጥ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ጠመንጃቸውን ይዘው ጫካ ገቡ። እኛን ማንኩሳ አጠገብ፣ በአማታችን ግቢ ትተውን ሄዱ። እኔ ልጆች የወለድኩ ነባር፣ እሷ ገና የመጣች ሙሽራ።

አንድ ቀን ከቡሬ ጨው ጭኖ የሚመጣ ሙስሊም ነጋዴ፣ የቤታችን ወዳጅ፣ በቅሎውን ደጅ ላይ አቁሞ አማቴን አስጠራ።

"እማማ፣ በዓይኔ ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁትን ልንገርዎ። ከወደ ሽንዲ ተኩስ ነበር። ከሁለቱ ልጆችዎ አንዱ ወድቋል አሉ። የትኛው እንደሆነ የነገረኝም ሰው አላወቀ።"

እኔ ጮህኩ፤ ደረቴን ደቃሁ። አማቴ እመሬት ቁጭ አሉ። ያቺ ልጅ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ለነጋዴው የሚጠጣ ውኃ አመጣችለት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አጥሩ በር ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች። "ዛሬ ደግሞ ምን ታሳየን ይሆን ጌታዬ?" ትላለች፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ፊቷ በርቶ። ደመና ሲጠቁር ይገርማታል፤ ላም ስትወልድ ይገርማታል። ጎረቤቱ ሁሉ እሷን ከቦ ይውላል፤ አማቴ እንኳ "ነይ አጠገቤ ተቀመጪ" የሚሉት እሷን ነው። እኔ ስገላበጥ አድሬ ዓይኔ ደም ለብሶ ስወጣ፣ እሷ እንቅልፏን ጠግባ ትነሳለች! ታዲያ ይህ አያናድድም?

ምንጭ ስንወርድ ያዝኳት። "አንቺ፣ ልብ የለሽም? ወይስ ያንቺ ደህና ነው ብሎ ሹክ ያለሽ አለ?"

"ማንም አላለኝ እታለም" አለች እንስራዋን አስቀምጣ። "እኔም እፈራለሁ። ግን እስኪታወቅ ድረስ ሁለቱም መንገድ ላይ ናቸው። ነገን ባውቀው ኖሮ ምን ልይ ብዬ ከመደቤ እነሳ ነበር?"

እንስራዬን ሞልቼ ተሸክሜ ወጣሁ።

እኔ እንደሷ መሆን አልቻልኩም። ማወቅ አለብኝ አልኩና ደብተራው ዘንድ ሄጄ ኮከብ አስቆጠርኩ። የባሌን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ። "ኮከቡ ጠልቋል" አለኝ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ቁርጡን አወቅኩ ብዬ እፎይ አልኩ። እቤቴ ገብቼ ጸጉሬን ተላጨሁ፤ ለቅሶ ተቀመጥኩ። አማቴ "ተይ ልጄ፣ አታሟርቺ" ቢሉኝ አልሰማሁም። ሰው እየመጣ አለቀሰልኝ።

እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። የኔ ሞተ ማለት የሷ አለ ማለት ነዋ! ባሏን በገዛ እጄ አድኜ የሰጠኋት መሰለኝ። ቅናቱ እንደ ቃር ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። እሷ ደግሞ "የኔ ተርፏል" ብላ አንድ ቀን እንኳ አልተደሰተችም። ከኔ ጋር ስታለቅስ ትውልና በማግስቱ ወጥታ መንገዱን ታያለች። "አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?" ስላት፣ "እንጃ እታለም፤ እስቲ እንየው" ትለኛለች። እስቲ እንየው! ይህን ቃል ስሰማ ጥርሴን እነክስ ነበር።

አደይ የፈነዳ ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፣ ጢሙ የጎፈረ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ባሌ ነው። ብቻውን ነው። የተላጨ ራሴን ሲያይ ደነገጠ።

"ማን ሞተብሽ? ልጆቹ ናቸው?" አለኝ።

"ልጆቹስ ደህና ናቸው።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

ምን ልበለው? "ላንተ" ልበለው?

ይኼኔ እሷ ከጓዳ ወጣች። አየችው። ከኋላው ያለውን መንገድ አየች፤ ማንም አልነበረም። ሲገባት ፊቷን አይቼዋለሁ። እኔ ሚስቱ እጄን መላጣዬ ላይ ጭኜ ደርቄ ቀረሁ፤ ሮጣ ትከሻውን ስማ "እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ" ብላ እልል ያለችው እሷ ናት። እመሬት የወደቀችው ከዚያ በኋላ ነው።