እጅ የሰጡት የስፓርታ ሰዎች

አገር ቤት የታሰርኩባቸው ክፍሎች ሁሉ ይሸቱ ነበር። ቶሮንቶ ያስገቡኝ ክፍል ግን ምንም አይሸትም። ነጭ ግድግዳ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ የማይከፈት መስኮት። ጥገኝነት ልጠይቅ በሰው ፓስፖርት ስለገባሁ፣ ማንነቴ እስኪጣራ ተብሎ ከኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ማቆያ አስቀመጡኝ። አውሮፕላን በላያችን ያልፋል። አንዱ ተነሥቶ በሄደ ቁጥር በመስኮቱ እስኪጠፋ አየዋለሁ፤ ወደ አገር የሚመልሱኝ በዚያው ነዋ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሐበሻ አገኘሁ። ጠና ያሉ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ እንደኔው በፖለቲካ ታስረው የወጡ። ስሜን እንኳ በቅጡ ሳይጠይቁ ስለ ጥንት ግሪኮች ጀመሩልኝ።

«የስፓርታ ወታደር ሲመጣ ጠላት ገና ጦር ሳይሰነዘር ይሸሽ ነበር» ይሉኛል። «አይሮጡም። በዋሽንት፣ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። የአንዱ ጋሻ በግራው ያለውን ሰው ይሸፍናል። አንተ ጋሻህን ከጣልክ የሚሞተው እሱ ነው።»

የምሳ ሳህናቸውን በክንዳቸው ይዘው ያሳዩኛል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሰለቸኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ መባረር፣ እሳቸው የሚያወሩልኝ የስፓርታ ጀግንነት።

አንድ ቀን ከጠበቃቸው ቢሮ ስልክ ተደወለላቸው። የደወለችው እዚሁ ያደገች ሐበሻ ናት፤ ድምፅዋ አጠገባቸው ለቆምኩት ለእኔም ይሰማል።

«ጋሼ፣ ሂሪንግዎ፣ ጉዳይዎ የሚሰማበት፣ ነገ ነው። ኤርፖርት ላይ ከእስር እንዴት ተፈቱ ሲባሉ ‹ዝም ብለው ለቀቁኝ› ብለዋል። ማንም ቢሊቭ አያደርግም። ስቶሪው ሜክ ሴንስ ካላደረገ ዲፖርት ያደርጉዎታል። አይ አም ሶሪ።»

ስልኩን ዘግተው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ።

«ታዲያ እንዴት ተፈቱ?» አልኳቸው።

«በጓደኛዬ ላይ መስክሬ።» ቀና ብለው አላዩኝም። «ደበደቡኝ። ቻልኩት፣ ቻልኩት፣ ከዚያ አልቻልኩም። ኤርፖርት በስልክ ያስተረጎሙልኝ የኛ ሰው ነበሩ፣ ትልቅ ሴት። ‹አይዞህ ልጄ› አሉኝ። ለፈረንጅ ቢሆን እነግረው ነበር። ለሳቸው ግን አፌ እምቢ አለኝ።»

ነገሩ ገባኝ። አስተርጓሚ ምስጢር ለመጠበቅ ይምላል ቢሉንም አናምንም። አንድ ሐበሻ የሰማውን ቅዳሜ ብሉር ጎዳና ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ክትፎ የሚበላው ሁሉ የሚሰማው ይመስለናል። ለዚህ ሐፍረት ሲሉ ሊመለሱ ነው ብዬ ግን ተናደድኩ።

«የእርስዎ ስፓርታዎች አንድም ቀን እጅ አልሰጡም?» አልኳቸው።

አሁን ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰጥተዋል» አሉ። «ደሴት ላይ ተከበው ነው። ራባቸው፣ ጠማቸው፣ የተቃጠለው ጫካ አመድ ዓይናቸውን ጋረደው። ጋሻቸውን ዝቅ አድርገው እጃቸውን አወዛወዙ። ግሪክ ሁሉ ማመን አቃተው።»

«ከዚያስ? አገራቸው ምን አለች?»

«እነሱን ለማስመለስ ዕርቅ ለመነች።» ከአልጋቸው ተነሡ። «ይህን ለተማሪዎቼ አስተምሬ አላውቅም።»

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ሄዱ። እስኪመለሱ ፈራሁላቸው። ሲመለሱ ደክሟቸው ነበር።

«አስተርጓሚዋ እኚያው እናት ናቸው» አሉኝ። «ዛሬ በስክሪን አየኋቸው። ሁሉንም ተናገርኩ። አዝነውልኝ ይመስለኛል፣ በእንግሊዝኛ ‹ጓደኛው ተፈረደበት› ብቻ ብለው ሊያልፉ ሲሉ አስቆምኳቸው። ‹እማማ፣ በኔ ምስክርነት የሚለውን አይዝለሉብኝ። ስሙንም ከነአባቱ ከነአያቱ ይንገሩልኝ› አልኳቸው።»

«እሺ አሉ?»

«ውሃ ጠጡና አንድ ሳያስቀሩ ተረጎሙት።»

ከዚያ ጓደኛቸው ማን እንደሆነ ለእኔም ነገሩኝ፤ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ።

ውሳኔው ቢዘገይም ጥገኝነቱ ተፈቀደላቸው። አሁን እዚሁ ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። እኔም ቆይቶ ተፈቅዶልኝ ሬክስዴል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። አንዳንድ እሑድ እንገናኛለን። ስለ ጦርነት ማውራት ትተዋል። ያልተንበረከከ ብቻ ነው ታሪክ ያለው ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እሳቸውን ካወቅሁ ወዲህ ይህን ለማለት አፍራለሁ።

ጓደኛቸው እስካሁን አልተፈታም። ስሙን እዚህ ልጽፈው ብዕር አንሥቼ ነበር። ግን ሰውየው አሁንም ያለው በአሳሪዎቹ እጅ ነው፤ ብጽፈው የሚጎዳው እሱ ነው።