የክፉ ቀን ወንፈል

ዛሬ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ የአማርኛ መምህራችን ጠሩኝና፣ «የግድግዳው ጋዜጣ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ላንቺ ትቼዋለሁ፤ የምታውቂውን ጻፊ» አሉኝ። እኔን። አምና ከዚህ ትምህርት ቤት ልወጣ አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ የነበርኩትን። ከደስታዬ የተነሣ ከንፋስ ስልክ እስከ ላፍቶ ሳላርፍ ሄድኩ። ነገ እግሬ እንደሚያስከፍለኝ አውቃለሁ። ያስከፍለኝ።

የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ቀን።

ሕመሜ ስም የለውም። ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፣ ትኩሳት የለው። ማታ ደህና ተኝቼ ጠዋት ስነሣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወቃ ያደረ እህል እሆናለሁ። ዛሬ ትከሻዬን ይይዝና በማግስቱ ጭኔ ላይ ይገኛል። ሲብስበት ጋቢ ይከብደኛል፤ ሹሩባ መሠራት ይቅርና ማበጠሪያ ሲነካኝ እንባዬ ይመጣል። እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አጠጣችኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብተው አሹኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንኳን መነሣት መገላበጥም አቃተኝ። ጠበል ገባሁ። ሐኪም ቤትም ወሰዱኝ፤ ሐኪሙ እዚህም እዚያም ጫን ጫን አደረጉኝና፣ «ምንም የለባትም፤ ስታድግ ይተዋታል» ብለው ሸኙን።

ምንም የለባትም ከተባለ በኋላ ቤታችን ውስጥ ነገር ተበላሸ። ታላቅ ወንድሜ፣ «የእሷ በሽታ እኮ ጆሮ አለው፤ ውሃ ቅጂ ሲባል ሰምቶ ነው የሚነሣው» ይላል። ሁሉም ይስቃል። አንዳንዴ እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ። አባቴ ግን አይስቁም። ሚያዝያ ላይ አስጠርተውኝ፣ «የሰባተኛ ክፍል ፈተና ቀን ከተኛሽ ትምህርቱ እዚያው ላይ ይበቃል። ደብተር የሚገዛው ለሚጽፍበት ሰው ነው» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም ያሉት፤ ለዚያ ነው ያመንኳቸው።

እኔም መላ ፈለግኩ። እኛ ሰፈር በአጨዳ ጊዜ ሰው ወንፈል ይገባል፤ ዛሬ ተሰብስበው የአንዱን ያጭዳሉ፣ ነገ የሌላውን። ታዲያ ውሃ መቅዳት ለምን በወንፈል አይሆንም? ጎረቤታችን የሆነች የክፍሌ ልጅ አለች።

«ደህና በሆንኩ ቀን ያንቺን ውሃ ልቅዳ፣ ኩበትሽን ልልቀም። በክፉ ቀኔ ደግሞ አንቺ የእኔን» አልኳት።

«ክፉ ቀንሽ መቼ ነው?»

«እሱ መቼ ነግሮኝ ያውቃል።»

ሳቀችና እሺ አለች።

ግንቦትን እንደ በሬ ዋልኩ። በፈተናው ሳምንት ምንም እንዳልነካ ብዬ ነው፤ ጉልበት እንደ እህል ጎተራ ውስጥ የሚቀመጥ መስሎኝ። እንስራ አዝዬ ከወንዙ እስከ ደጃቸው እመላለሳለሁ፤ ጓደኛዬ፣ «ቀንበር ላምጣልሽ እንዴ?» ትለኛለች። ማታ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህ ሁሉ ይመለስልኛል እያልኩ።

ፈተናው ሊደርስ ሲል ወደቅኩ።

የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔን የሚደበድብ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ ውሃውን ቀዳች፣ ኩበቱን ለቀመች፤ ወንፈሏን ሳታጓድል መለሰች። ለካ የጨነቀኝ ውሃው አልነበረም። ፈተናውን ማንም በወንፈል አይቀመጥልኝም። እርሳስ ስይዝ ጣቴ ይከዳኛል፤ አንድ መስመር አንብቤ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቷል። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታለቅሳለች። እንዳላያት ነው፤ ትከሻዋ ግን ይታያል። ምነው እግሬ ተሰብሮ በነበረ ብዬ ተመኘሁ። የተሰበረ እግር ሰው ያየዋል፣ ያዝንለታል። ቀጥሎም፣ ተኝቼ በዚያው ብቀርስ አልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ መጻፌ ነው።

በዚህ መሀል የጓደኛዬ እናት ሊጠይቁኝ መጡ። ሌላው ጠያቂ ሁሉ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» እያለ ይጫነኛል። እሳቸው አልነኩኝም። ራቅ ብለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና፣ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጋቢው ይከብድሻል?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

«እኔም የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ አለብኝ» አሉ። «ባሌ ሰነፍ አገባሁ ይል ነበር። አሁን ዝም ብሏል፤ ወይ አምኗል፣ ወይ ደክሞታል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደህና ስትሆኚ ሁሉን ዛሬውኑ ልጨርስ ትያለሽ። የሚጥልሽ እሱ ነው። ገና ጉልበት ሳለሽ ቁጭ በይ። ደግሞስ ወንፈል በጉልበት ብቻ ይከፈላል ያለሽ ማነው? ልጄ ሒሳብ አይገባትም። አንቺ ተኝተሽ አስረጂያት፤ እሷ ትቅዳልሽ።»

ለክፉ ቀን መሰናዳትንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ውሃ በጣሳ ከራስጌዬ አስቀመጡ። ለስላሳ ድንጋይ ትኩስ አመድ ውስጥ አሙቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከወገቤ ሥር አደረጉልኝ። ጋቢው እንዳይጫነኝ በሁለት በርጩማ ላይ ወጥረው እንደ ድንኳን ጣሉት። ሹሩባዬን ፈቱት። «አይድንም። ግን ያልፋል፤ ደግሞ ይመጣል» አሉ። ማጽናኛ አልነበረም። እውነት ስለነበረ ግን ያዝኩት።

የፈተናው ቀንም ክፉ ቀን ሆኖ ነጋ። እሳቸው አህያቸውን ላኩልን። ወንድሜ አህያዋን እየሳበ፣ «እኔ ጤፍ የሚጫን መስሎኝ ነበር፤ ጤፍ እንኳ እንዲህ አያቃስትም» ይለኛል። ጭቃው ሲያንሸራትታት ግን በክንዱ ደገፈኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይጫነኝ። ተፈተንኩ። ከሒሳቡ የሠራሁት ግማሹን ነው። ስመለስ ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ደብተሮቼን ማየት ጠላሁ።

አለፍኩ፤ ለጥቂት። አባቴ አዲስ ደብተር ገዝተው መጡና ራስጌዬ አስቀመጡት።

ሕመሙ አልሄደም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ከጋቢው ድንኳን ሥር ነበርኩ፤ ተስፋዬም እንደ አምናው ጥሎኝ ሄዶ ነበር። ዛሬ የምሥራቹን መጀመሪያ የነገርኩት ለጓደኛዬ እናት ነው።

«የባልዎንም ነገር ልጽፈው ነው» አልኳቸው።

«ጻፊው፤ ማንበብ አይችል» አሉ። ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ «እንደኛ የሚያማት ብትኖር ግን ወደ ቤቴ ጥሪያት» አሉኝ።

እነሆ ጠራሁሽ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ላፍቶ ወንዙን እንደተሻገርሽ፣ ደጁ ላይ አህያ የታሰረችበት ቤት ነው። ቁጭ ብለን ምስር እንለቅማለን፤ መጋደም ለምትፈልግ ቁርበት ተነጥፏል። ያንቺን ክፉ ቀን እኛ እንይዝልሻለን፣ የእኛን ስትችይ ትይዢልናለሽ። የቱ ጋ ነው ብሎ የሚጫንሽ የለም።