ያልገባችው የእጅጋየሁ ጎል

ባለፈው ሰኞ ጠዋት በሜትሮ ወደ ሥራ ስሄድ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ ያለቅስ ነበር። አንገቱ ላይ የከተማውን ቡድን ሻርፕ ጠምጥሟል፤ በስልኩ ደግሞ አምበሉ እጁን እያውለበለበ ሜዳውን ሲዞር ያያል። አምበሉ ጫማውን መስቀሉ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ሮማ ለቅሶ ቤት መስላ ነበር፤ የባሩ ልጅ እንኳን ማኪያቶዬን ያለ ስኳር አስቀምጦልኝ ሄደ። ለኳስ ደግሞ ይለቀሳል እንዴ የሚል ይኖራል። እኔ ግን በዚህ አልቀልድም፤ አንድ ጊዜ አልቅሼበታለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እዚያው እያደርኩ የምሠራበት ቤት እመቤት፣ ሲኞራዋ፣ ስሜን ስትሰማ ግንባሯን ቋጠረችና፣ "ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ማሪያ እንበልሽ" አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችውም ማሪያ ነበረች፤ ከእሷ በፊትም ሌላ ማሪያ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ለገና ሹራብ ገዝታልኛለች። ግን ሳምንቱን ሙሉ እጅጋየሁ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። አንዳንድ ቀን ስሜን እኔው ለራሴ ኩሽና ውስጥ እለው ነበር።

የሮማ የቤት ሠራተኛ ሐሙስ ከሰዓት የራሷ ናት። ያን ጊዜ እኛ ሐሙስ ሐሙስ ፖንቴ ማሞሎ፣ ወንዙ አጠገብ ካለ ሣሩ ያለቀ ሜዳ ዳር እንሰበሰባለን። የአገራችን ልጆች ከፔሩዎቹ ጋር ይጫወታሉ፤ እኛ ሴቶቹ ዳቦና ቅቅል እንቁላል በአዋዜ ይዘን እንቀመጣለን። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ኳስ የሚገባት አልነበረችም። የምንመጣው ለተስፋልደት ነው።

ተስፋልደት አሰብ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ ጠዋት ጠዋት አትክልት ገበያ ሣጥን የሚያወርድ ልጅ ነበር። በግራ መስመር ሲሮጥ የሚይዘው የለም። ጎል ሲያገባ ግን አይጨፍርም። ወደ እኛ ይመጣና እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ፣ "ይቺ የአልማዝ ናት!" ብሎ ይጮኻል። አልማዝ ከእኛው አንዷ ናት፤ በሥራ ቦታዋ ሌላ ስም ነበራት። ጎሉ በተራ ነው፤ ተራውን የሚይዙት በዕድሜ ትልቋ እትዬ ዘውዲቱ ናቸው። ስሟ የተጠራላት ሴት ማታ ወደ አሠሪዎቿ ቤት ስትመለስ አረማመዷ ሳይቀር ይለወጥ ነበር።

ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ጉልበቱን ታመመ። ለሳምንታት ጠበቅኩ። ካርቾፊ የሚባለው እሾሃም አትክልት በሚደርስበት ወራት አንድ ሐሙስ እያነከሰ መጣና፣ "ዛሬ የመጨረሻዬ ነው" አለን። "ሐኪሙ ከቀጠልክ ሣጥንም አታነሳም ብሎኛል። እናቴ የምትኖረው ደግሞ በሣጥኑ ገንዘብ ነው።"

ሴቶቹ ተንጫጩ። አንዷ ዓይን በልቶት ነው አለች፤ ሌላዋ ቆሞም ቢሆን ይጫወት ብላ ለመነች። እትዬ ዘውዲቱ ሁሉንም ዝም አሰኙና፣ "ተራው የእጅጋየሁ ነው። እሷን ሳትጠራ የት ትሄዳለህ?" አሉት።

"እሺ እትዬ። ዛሬ እጠራታለሁ።"

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ሁላችንም ተነሳን። ጠዋት ሙሉ ካርቾፊ ስልጥ ስለዋልኩ ጣቶቼ በጭማቂው ጠቁረው ነበር፤ ስሜ ሲጠራ ሰው ያያቸዋል ብዬ ኪሴ ውስጥ ደበቅኳቸው። ተስፋልደት መታ። ኳሷ ብረቱን መታችና ወደ ውጭ ወጣች።

ዞሮ አየኝ።

"ግድ የለም ልጄ፤ ዝም ብለህ ጥራት" አሉት እትዬ ዘውዲቱ።

"ሳይገባ እንዴት ብዬ እትዬ? እሷንም ማሞኘት ነው።"

ጫማውን ፈታ፤ ማሰሪያዎቹን እርስ በርስ ቋጥሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና እያነከሰ ወደ ጣቢያው ሄደ። መጀመሪያ ያለቀሱት እትዬ ዘውዲቱ ናቸው። ሌሎቹም ለእሱ ጉልበት አለቀሱ። እኔ ያለቀስኩት ለስሜ ነው፤ ተስፋልደትን ደግሞ ያን ቀን በጣም ጠልቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ጎል አገቡ፤ ስም የሚጠራ ግን አልተገኘም። ሴቶቹም አንድ በአንድ ቀሩ። ተስፋልደት ወደ ሰሜን ሄደ ሲባል ሰማሁ፤ ዳግመኛ አላየሁትም። ልክ እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዝም ብሎ ቢጠራኝ ኖሮ እስከ ዛሬ አላስታውሰውም ነበር። ቢሆንም ይቆጨኛል።

ሜትሮው ውስጥ ይህን ሳስብ እንባዬ መጥቶ ኖሯል። ባለሻርፑ ሰውዬ መሐረብ ዘረጋልኝ።

"አንቺም ትወጂው ነበር?"

"ሲ" አልኩት።

ስሜን ጠየቀኝ። ከዓመታት ልማድ የተነሳ ማሪያ ልል ነበር፤ "እጅጋየሁ" አልኩት። ሊደግመው ሞከረና አበላሸው፤ እንደገና ሞከረ፤ አሁንም አልሆነለትም። መውረጃዬ ደርሶ ወረድኩ። በሩ ሲዘጋ በመስታወቱ አየሁት፤ ከንፈሩ ገና እየሞከረ ነበር።